ልብስን ከቅማል ለማጽዳት በጐንደርና በደጋው የዋሉ ዘዴዎች

የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድነት ማስተማር ሲጀምር፣ በደጋው ከሚታገሏቸው በሽታዎች መካከል በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ነበሩ። ቅማል ተስቦን እንደሚያስተላልፍ ሻርል ኒኮል በቱኒስ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። የደጋው ሰው ግን ከዚያ በፊትም ቅማልን የሚከላከልበት የራሱ ዘዴ ነበረው።

ከሁሉ የተለመደው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እየለቀሙ በጥፍር መጨፍለቅ ነው። ይኸው ዘዴ ቅማሉን ቢቀንስም አደገኛ ነው፤ የሚያገረሸው ትኩሳት ጀርም በቅማሉ ደም ውስጥ ስለሚኖር፣ ሲጨፈለቅ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። እንዶድም ጥጥን አሳምሮ ያነጣል እንጂ፣ በቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ ሲታጠቡበት በስፌት ውስጥ የተጣበቀውን የቅማል እንቁላል ይፈጃል ብሎ መተማመን አይቻልም።

መቀቀል ከእነዚህ ይበልጣል። በደባርቅ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይሁን እንጂ ቅማልና እንቁላሉ ከ55 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በጥቂት ደቂቃ ስለሚሞቱ ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው እንጨቱ ነው። እንጨት ለሚቸግረው ቤት የከሰል ካውያ ስፌት ስፌቱን ቢሄድበት ያው ሙቀት ይገኛል።

ይህ ሁሉ ለጋቢና ለቀሚስ ነው። በርኖስ ቢቀቅሉት ሱፉ ይኰማተራል፤ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ደግሞ የበግ ለምድ ስለሆነ የፈላ ውሃ ፈጽሞ ያበላሸዋል። ለእነዚህ የሚስማማው ሳይለብሱ ማቆየት ነው። የልብስ ቅማል የሰው ደም ካላገኘ በአንድ ሳምንት ገደማ ይሞታል፤ እንቁላሉም ቢፈለፈል ሁለት ሳምንት ይበቃል። ዘዴው ገንዘብም እንጨትም አይጠይቅም። ነገር ግን ተማሪው በስሜን ብርድ ያን ሁለት ሳምንት ምን ለብሶ ይደር? ከድኻ ልብስ ላይ ቅማል የማይጠፋው በስንፍና ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ጥያቄ አላነሡትም።

ዲ.ዲ.ቲ. የተወደደውም ስለዚህ ነው፤ ዱቄቱ ልብሱን ሳያወልቁ በአንገትና በእጅጌ በኩል ይነፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻና በ1944 መጀመሪያ በኔፕልስ የተነሣው ተስቦ የተገታው በእንዲህ ያለ ርጭት ነበር። በ1950ና በ1951 በኮርያ ግን ቅማሉ ዱቄቱን ተቋቁሞ ተገኘ። ዛሬ በቦታው ፐርሜትሪን ገብቷል፤ ደበሎውን ግን እስካሁን በውሃ መቀቀል አልተቻለም።