ጋምቤላ በአሜሪካዊ ደራሲ ብዕር

ስለ ጋምቤላ ብዙ የዓለም አንባቢ ያወቀው ከአንድ አሜሪካዊ ደራሲ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ዴቭ ኤገርስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ቦስተን ተወለደ። በሃያዎቹ መግቢያ ላይ እናትና አባቱ በሳምንታት ልዩነት በካንሰር ሞቱበትና ታናሽ ወንድሙን የማሳደጉ ኃላፊነት እሱ ላይ ወደቀ። ይህንኑ ሕይወቱን እ.ኤ.አ. በ2000 ጽፎ ታዋቂ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከወላጆቹ የተለየ የሌላ ልጅ ታሪክ ደረሰው።

ያ ልጅ ቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ፣ የደቡብ ሱዳን ዲንካ ነው። መንደሩ ማሪያል ባይ በጦርነት ስትጠቃ፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ጋር በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ አቀና። ብዙዎቹ በረሃብ፣ በበሽታና በአውሬ መንገድ ላይ ቀሩ። የተረፉት በ1980 ዓ.ም ገደማ በአኝዋክ ምድር፣ ፑኝዶ ላይ ሰፈሩ። እዚያ በዛፍ ጥላ ሥር ፊደል ቆጠሩ። ደርግ ይደግፈው የነበረው የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር ግን ከእነዚሁ ልጆች መካከል ወታደር ይመለምል ነበር።

ግንቦት 1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ ስደተኞቹ ነቅለው ወጡ። የጊሎ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላ ተኩስ፣ ከፊት ጎርፍና አዞ። ብዙ ልጅ እዚያው ቀረ። የተሻገሩት ከረጅም ጉዞ በኋላ ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ወደ 3,800 የሚሆኑት አሜሪካ ሲገቡ ዴንግም አትላንታ ገባ።

ኤገርስ ዴንግን ለዓመታት አዳመጠው፤ አብሮትም እስከ ማሪያል ባይ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ዋት ኢዝ ዘ ዋት» ታተመ። መጽሐፉ በዴንግ አንደበት፣ «እኔ» እያለ ይተርካል፤ የቀረበው ግን በልቦለድነት ነው። ዴንግ ያን ሁሉ ሲያይ ሕፃን ስለነበር፣ ንግግሩንና ዝርዝሩን ደራሲው በምናብ መሙላት ነበረበት። ገቢው ለዴንግ ድርጅት ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ማሪያል ባይ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ሆኖም መጽሐፉ ፑኝዶን የሚያየው በስደተኛ ልጅ ዓይን ነው። ለዚያ ልጅ ጋምቤላ የመንገዱ አንድ ማረፊያ ናት፤ ለአኝዋክ ገበሬ ግን የአያቶቹ አገር ናት። መሬቱን ለመጠለያው የለቀቀው፣ ታጣቂ በደጁ ሲመላለስ ያየው እሱ ነው። በታጣቂዎቹና በነዋሪው መካከል ደም የፈሰሰበት ጊዜም ነበር። ይህን ወገን ከአንድ ልቦለድ መጠበቅ አይገባም፤ የልቦለዱ ዝና ግን የነዋሪውን ትዝታ ሊሸፍነው ይችላል።

ያኔ ጎልማሳ የነበሩ የፑኝዶ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። ኤገርስ ለዴንግ ያደረገው ቁጭ ብሎ ማዳመጥን ነው። የጋምቤላ ወጣትም መቅረጫ ስልኩን ይዞ፣ በአኝዋክኛም በኑዌርኛም በአማርኛም፣ አያቱን «ያን ግንቦት ምን አየህ?» ብሎ ይጠይቅ። ሽማግሌው ካለፈ በኋላ ጥያቄው መላሽ የለውም።