ሥልጠናና ማደር፦ የሁለት ግሶች ጉዞ ከግእዝ እስከ አንዲት ጥድ

«ሥልጠና» በዛሬው የመሥሪያ ቤት አማርኛ የአበል፣ የአዳራሽና የምስክር ወረቀት ቃል ሆኗል። ሥሩን ስንመረምር የምናገኘው ግን ሌላ ነው። ግእዙ «ሠልጠነ» ይላል፤ ገዛ፣ አዘዘ፣ ኀይል አገኘ ማለት ነው። «ሥልጣን» ከዚሁ የተገኘ ሲሆን በአራማይክ ዘመድ አለው፤ የዐረብኛው «ሱልጣን»ም ከዚያው ቤት ነው። አማርኛ ከዚህ ሥር ባለሥልጣንን፣ ሥልጡንን፣ ሥልጣኔን፣ ሠልጣኝንና አሠልጣኝን አፍርቷል። ስለዚህ «ሠለጠነ» በጥንቱ ስሜት ትምህርት ሰምቶ ተመለሰ ማለት አይደለም፤ በአንድ ነገር ላይ ማዘዝ ቻለ ማለት ነው።

ይህን መሰሉን ሥር ለመከተል መንገዱን የጠረጉልን ከሸዋ የተነሡ ሊቃውንት ናቸው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ሆነው ለብዙ ዓመታት ደከሙበት። ደስታ ተክለ ወልድም ተረክበው ለኅትመት አበቁት፤ መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ወጣ። ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ ፍሬ ያፈራ ሥራ ከተፈለገ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ግስ «አደረ» ነው። ግእዙ «ኀደረ» ይላል፤ ተቀመጠ፣ ኖረ። ማደሪያው «ምኅዳር» ይባላል፤ የመጽሐፍ ማደሪያ የሆነው የቆዳ ከረጢትም «ማኅደር» ነው። የዘመኑ ምሁራን የሕያዋንንና የመኖሪያቸውን ዝምድና ለሚያጠናው ዕውቀት ስም ሲፈልጉ «ሥነ ምኅዳር» ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ከግሪክ ቃላት የተሠራው ኤኮሎጂም መነሻው «ኦይኮስ»፣ ቤት፣ ነውና ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል።

አማርኛ ግን ከዚህም ርቆ ሄዷል። ከ«አደረ» «ተዳደረ»ን፣ ከዚያም «አስተዳደረ»ን አወጣ። ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ቤተሰቡ ውሎ እንዲያድር የሚያደርግ ነው፤ «መተዳደሪያ»ም የዕለት ጉርስና የዓመት ልብስ የሚገኝበት ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርክ» ስንባባል የምንጠቀምበት ግስና በመንግሥት ቢሮ በር ላይ የተጻፈው «አስተዳደር» አንድ ናቸው። ማስተዳደር ከማዘዝ በፊት ማሳደር ነበር።

ከሁለቱ ግሶች ጎን የሚቆመው «አካባቢ» ደግሞ ከ«ከበበ» የመጣ ነው፤ ክብ፣ ክበብ፣ ከበባ ወንድሞቹ ናቸው። የቆየ ትርጉሙ ሰፈርና ዙሪያ ነው። ተፈጥሮን ሁሉ የሚጠቀልለውን ትርጉም ያጸኑለት ሕጎች ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደነገገ፤ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 9/1987 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሆኖም «የአካባቢ አስተዳደር» ብንል ሰሚው ወረዳና ቀበሌ ይመስለዋል፤ ባለሙያዎች «ጥበቃ» ወይም «አያያዝ» ማለትን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

እነዚህ ቃላት ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ የሚሰባሰቡት አንድ የወረዳ ወይም የዞን ባለሙያ ለአጭር ዓለም አቀፍ ኮርስ ሲያመለክት ነው። ከእነዚህ ኮርሶች ዕድሜ ጠገቡ በጀርመን ድሬስደን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977፣ ከተማዋ በምሥራቅ ጀርመን ሥር ሳለች ተጀመረ፤ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም፣ በዩኔስኮና በጀርመን የአካባቢ ሚኒስቴር ትብብር በማደግ ላይ ካሉ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ያስተምራል። ድሬስደን የሚለው ስም ራሱ ከጥንት የስላቭ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «በወንዝ ዳር ደን የሚኖሩ» ማለት ነው። እዚያም የ«ኀደረ» ሐሳብ አለ።

ባለሙያ ወደ ውጭ ኮርስ የምትልከው ሰሜን ሸዋ ግን ሥልጠና ተቀባይ ብቻ አይደለችም፤ ዕውቀትም ትሰጣለች። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ፣ አንዲት ጥድ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ የብቸኛ ዛፍ ስም ነው፤ ዛሬ በደጋው ጎልቶ የሚታየው ግን ከባሕር ማዶ በመምጣቱ «ባሕር ዛፍ» የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ የምርምር ጣቢያ አቋቋሙበት። ዝናቡ ጥሎ ወንዙ ሲደፈርስ፣ የጣቢያው መዝጋቢ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ውሃ ይቀዳል። ውሃው ይጣራል፣ የቀረው ጭቃ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ከተፋሰሱ በአንድ ዝናብ ስንት አፈር ታጥቦ እንደወጣ የሚታወቀው እንዲህ ነው። በእነዚህ ልኬቶች ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባሉ። በአንኮበርና በይፋት ገደላ ገደል ድንጋይ እየካበ እርሻውን ያቆመው ገበሬም የዚህ ዕውቀት ባለቤት ነው።

እንግዲህ ከውጭ ኮርስ ተመላሹን ሠልጣኝ ምን ይጠብቀው? ደብረ ብርሃን ዛሬ የብርድ ልብስ፣ የቢራና የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማ ናት፤ የበሬሳ ወንዝም በጎኗ ይፈሳል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ሳይጀመር ጉዳቱ እንዲመዘን ያዛል። ይህን ግምገማ የሚያነብ ባለሙያ «ይህ ይስተካከል» ሲል ቃሉ ሊከበርለት ይገባል። ላቦራቶሪ፣ መኪናና የሚሰማው አለቃ ከሌሉት ኮርሱን ጨርሷል እንጂ በቃሉ ሙሉ ትርጉም አልሠለጠነም።

ስለዚህ ለባለሙያ የውጭ ኮርስ ፈቅዳችሁ የምትፈርሙ ኀላፊዎች ሆይ፣ ሲመለስ የሚወስንበትን ሥራም አብራችሁ ስጡት። ሠልጣኞችም የመጀመሪያ ሳምንታችሁን ካብ ከሚክበው ገበሬና አንዲት ጥድ ላይ ደፍራሽ ውሃ ከሚቀዳው መዝጋቢ ጋር ዋሉ። ሥልጠና ሥልጣን ካልሰጠ፣ አስተዳደርም አፈሩንና ሰውን ካላሳደረ፣ ቃሎቹን ከአባቶች የወረስነው በከንቱ ነው።