ጥንቆላና ሕሊና በጥንታዊት ቻይና

ሰው ነገ የሚሆነውን ዛሬ ለማወቅ ሲመኝ ኖሯል። ገበሬ ስለ ዝናም፥ ነጋዴ ስለ መንገድ፥ እናት ስለ ልጇ፥ ንጉሥም ስለ ጦርነት አስቀድሞ ቢያውቅ ይወዳል። ይህን ምኞት እንደ ጥንት ቻይናውያን በሥርዓት ይዞ፥ በጽሕፈትም ያስቀመጠ ሕዝብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ታሪካቸውን በአጭሩ እነግርሃለሁ። ስለ ነገ የሚጠይቅ ሰው ከሚያገኘው መልስ ይልቅ የሚጠይቅበት ልብ እንደሚበልጥ ከዚህ ታስተውላለህ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 ዓመት ገደማ፥ በሰሜን ቻይና ዛሬ አንያንግ በሚባለው ከተማ አጠገብ፥ ዉ ዲንግ የሚባል የሻንግ ንጉሥ ይገዛ ነበር። ይህ ንጉሥ አንድ ነገር ባሳሰበው ጊዜ የበሬ የትከሻ አጥንት ወይም የኤሊ የሆድ ቅርፊት ይቀርብለታል። በአጥንቱ ጀርባ ትንንሽ ጕድጓድ ይቈፈርና የጋለ ነገር ያስነኩታል። አጥንቱ ከሙቀቱ የተነሣ ሲሰነጠቅ፥ ንጉሡ የስንጥቁን መልክ ተመልክቶ ነገሩ መልካም ወይም ክፉ እንደ ሆነ ይናገራል። ጥያቄውም ስለ ጦርነትና ስለ መሥዋዕት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ዝናም፥ ስለ መከር፥ ስለ አደን፥ ስለ ሕልም፥ ስለ ጥርስ ሕመም እንኳ ይጠየቅ ነበር።

የሚያስደንቀው ግን ቀኑንና ጥያቄውን በዚያው አጥንት ላይ መቅረጻቸው፥ አንዳንድ ጊዜም በመጨረሻ የሆነውን መጨመራቸው ነው። የዉ ዲንግ ሚስት ፉ ሃዎ ጦር እየመራች የዘመተች ብርቱ ሴት ነበረች። በፀነሰች ጊዜ ንጉሡ ስንጥቁን አይቶ ሁለት ቀኖችን ለየና ከእነዚህ በአንዱ ብትወልድ መልካም እንደሚሆን ተናገረ። ከ31 ቀን በኋላ ግን በሌላ ቀን ሴት ልጅ ወለደች፤ ጸሓፊውም ነገሩ መልካም እንዳልሆነ ቀረጸ። እናቲቱ ራሷ የጦር አለቃ ሆና ሳለች የሴት ልጅን መወለድ እንደ ጕዳት መቍጠር የዘመኑ ዕውርነት ነበር። ነገር ግን የንጉሡ ምኞት ሳይፈጸም መቅረቱን ሳይደብቁ መጻፋቸው ሊመሰገን ይገባዋል።

እነዚህ አጥንቶች ከ3000 ዓመት በላይ በመሬት ውስጥ ተቀብረው ኖሩ። ከዚያም እየወጡና እየተፈጩ ለመድኃኒት ይሸጡ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 ዓመት ሊቃውንት ጽሕፈት እንዳለባቸው አስተዋሉ። በ1928 ዓመት በአንያንግ ቍፋሮ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ቍርጥራጮች ተገኝተዋል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ዓመት ገደማ የጆው ነገዶች ሻንግን ድል አድርገው ነገሡ። በእነርሱ ዘመን የኤሊው ቅርፊት ባይቀርም፥ በደረቅ የሣር አገዳ ዕጣ ማውጣት እየበዛ ሄደ። ሃምሳ አገዳ ይያዝና አንዱ ለብቻ ይቀመጣል፤ 49ኙ ለሁለት ተከፍለው አራት አራት እየተደረጉ ይቈጠራሉ። ይህ እየተደጋገመ ስድስት መስመር ያለው አንድ ምልክት ይወጣል። ምልክቶቹ በጠቅላላው 64 ናቸው፤ ትርጓሜያቸውም ኢ ጂንግ፥ ማለት የለውጥ መጽሐፍ፥ በሚባለው ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ዞ ጅዋን የሚባለው የጥንት የታሪክ መጽሐፍ ስለ ሦስት ጠያቂዎች የሚተርከውን ተመልከት።

የመጀመሪያው ጁ የምትባል ትንሽ አገር ገዥ የነበረው መስፍን ዌን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ614 ዓመት ከተማውን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር አስቦ በኤሊ ቅርፊት አስጠየቀ። መልሱም ለሕዝቡ የሚጠቅም፥ ለገዥው ግን የማይበጅ ሆኖ ወጣ። ባለሟሎቹ ዕድሜህን ስለምን ታሳጥራለህ ብለው ሊያስቀሩት ሞከሩ። እርሱ ግን ገዥ የሚሾመው ለሕዝብ ጥቅም ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ከተጠቀመ እኔም ተጠቅሜአለሁ አላቸው። ከተማውንም አዛወረ፤ በዚያው ዓመት ሞተ።

ሁለተኛው በሉ አገር የአንድ ታላቅ ቤተ ሰብ ምሽግ ጠባቂ የነበረው ናን ክዋይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ዓመት በጌታው ላይ ሊያምፅ አሰበና ነገሩን ሳይገልጥ ዕጣ አወጣ። መልሱ ስለ ቢጫ ሽርጥ የሚናገርና ታላቅ በጎ ነገርን የሚያመለክት ነበረ። ናን ክዋይም ደስ ብሎት ለአንድ ዐዋቂ ሰው አሳየው። ዐዋቂው ግን ቢጫ የመካከል ቀለም፥ ሽርጥም የታችኛው ልብስ መሆኑን ነገረው፤ ስለዚህ ልቡ ያልታመነ፥ ለአለቃውም የማይታዘዝ ሰው ይህ በጎ ነገር እንደማይደርሰው፥ ለእንዲህ ያለ አደገኛ ነገርም ዕጣ ማውጣት እንደማይገባ አስጠነቀቀው። ናን ክዋይ አልሰማም። ዐመፀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የገዛ ከተማው ሰዎች ከድተውት ወደ ሌላ አገር ሸሸ።

ሦስተኛዋ የዚያው የሉ መስፍን እናት ሙ ጅያንግ ናት። በልጅዋ መንግሥት ላይ ሤራ ስላደረገች በምሥራቁ ቤተ መንግሥት እንድትቀመጥ ተፈርዶባት ነበር። ወደዚያ በሄደች ጊዜ ዕጣ ቢወጣላት፥ ምልክት አንባቢው በቶሎ እንደምትወጣ አበሠራት። እርሷ ግን መጽሐፉን ታውቅ ነበርና እሺ አላለችም። ይህ ምልክት ከነቀፋ ነጻ የሚያደርገው በጎ ምግባር ያለውን ሰው ነው፤ እኔ ክፋትን መርጫለሁና ከዚህ አልወጣም አለች። እንደ ተናገረችውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ564 ዓመት በዚያው ሞተች። አገሯን የበደለች ብትሆንም፥ በመጨረሻ ራስዋን ለማታለል እንቢ አለች።

የቻይና ሊቃውንትም ይህን ትምህርት አጽንተው ይዘውታል። ጥንታዊው የሰነዶች መጽሐፍ፥ ንጉሥ በከባድ ነገር ሲጠራጠር አስቀድሞ የገዛ ልቡን፥ ቀጥሎ መኳንንቱን፥ ከዚያም ተራውን ሕዝብ፥ በመጨረሻ ኤሊውንና አገዳውን እንዲጠይቅ ያዝዛል። ዕጣው ከምክር በኋላ እንደ ተቀመጠ ልብ በል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈላስፋ ሹንዚ ደግሞ፥ የለውጥን መጽሐፍ በእውነት የተረዳ ሰው ዕጣ ማውጣት አያስፈልገውም እስከ ማለት ደርሷል።

አጥንቱ ዝናም አላዘነመም፤ አገዳውም ጦርነት አላሸነፈም። መስፍኑን ያስከበረው ለሕዝቡ የነበረው ፍቅር ነው፤ ናን ክዋይን የጣለው ክዳቱ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሊማር አይደለም፤ አስቀድሞ ለቈረጠው ነገር ፈቃድ የሚሰጠው ሲፈልግ ነው። ሹም ሲሆንም ጥፋቱን በዕድል ላይ ያላክካል።

አንተ ግን ዛሬ ትምህርትህን ወይም ሥራህን ስትመርጥ፥ ነገም ሰው ስታስተዳድር፥ ይሳካልኛልን ከማለትህ በፊት ይገባልን ብለህ ጠይቅ። ጥያቄህንም በአደባባይ ለመናገር የምታፍርበት ሆኖ ካገኘኸው፥ መልሱን ሳትጠብቅ ተወው።