የላንድማርክ ገበያ ማዕከል አወዳደቅና የቦታው ቀጣይ ዕድል

በሰሜን አሜሪካ የከተማ ግንባታ ታሪክ ውስጥ በተለምዶ «ሞል» የሚባለው የገበያ ማዕከል ያለው ስፍራ ለሙያ ባልደረቦቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ስለ አነሣሡ ብዙ ሲጻፍ፣ ስለ አወዳደቁ የሚነገረው በአብዛኛው ከአንድ ሐረግ አያልፍም፤ ይኸውም «ኢንተርኔት ገደለው» የሚለው ነው። አባባሉ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመመርመር አንዱን ማዕከል ነጥሎ ከመሠረቱ እስከ ፍርስራሹ መከተል ይበጃል። ለዚህም በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል የነበረውን ላንድማርክን መርጠናል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አካባቢ በሚገኙት ከፍታ ያላቸው የኪራይ ሕንፃዎች ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የከተማው አስተዳደርና ትምህርት ቤቶቹ ማስታወቂያቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለሆነም የቦታው ዕጣ ለእኛ የሰው አገር ወሬ ብቻ ሊሆን አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አሌክሳንድሪያ ከፖቶማክ ወንዝ ዳር የቆረቆረች አሮጌ የወደብ ከተማ ናት። በ1952 ከጎረቤቷ ከፌርፋክስ ወረዳ ሰፊ መሬት ቆርሳ ወደ ራሷ ስትጠቀልል፣ ዛሬ ምዕራባዊ ክፍሏ የሚባለው ሰፈር የከተማዋ አካል ሆነ። በ1964 ዋሽንግተንን የሚከበው የቀለበት መንገድ ተጠናቀቀ። በማግሥቱ ዓመት፣ በነሐሴ 1965፣ የሸርሊ አውራ ጎዳናና የዱክ መንገድ በሚገናኙበት ስፍራ ላንድማርክ ተከፈተ። ሲርስ፣ ሄክትስና ውድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ የተባሉት ሦስት አውራ መደብሮች በአንድ ማዕከል ተሰበሰቡ፤ በመካከላቸው ጣሪያ የሌለው መተላለፊያ ተዘርግቶ ትንንሾቹ ሱቆች ግራና ቀኝ ተደረደሩ፤ ዙሪያው በሙሉ የመኪና ማቆሚያ ሆነ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ማዕከል በየከተማው ዳርቻ እንደ እንጉዳይ የፈላው ስለ ምን ነበር? የመኪናው መብዛትና የሕዝቡ ከመሐል ከተማ መውጣት ዋና ምክንያቶች መሆናቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ በ1954 የወጣው የፌዴራል ግብር ሕግም ድርሻ ነበረው። ሕጉ ለአዳዲስ የንግድ ሕንፃዎች የተፋጠነ የእርጅና ቅናሽ ስለ ፈቀደ፣ ባለሀብቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከገቢው ላይ ብዙ ቀንሶ ግብር ያቃልል ነበር። ቅናሹ ሲያልቅ ደግሞ አሮጌውን ከማደስ ይልቅ ሸጦ ሌላ አዲስ መሥራት ያዋጣ ነበር። እንግዲህ ሕንፃው ገና ሲታሰብ ለረጅም ዕድሜ አልታሰበም ለማለት ያስደፍራል።

እግረ መንገዳችንን የዚህ ሕንፃ ዓይነት አባት የሚባለውን ቪክቶር ግሩንን ማንሣት ይገባል። የቪየናው ተወላጅ ግሩን በ1956 በሚኒሶታ፣ በኢዳይና የከፈተው ሳውዝዴል የመጀመሪያው ዙሪያ ገባው የተዘጋ፣ አየሩ የሚስተካከል ሞል ነው። ግሩን ያቀደው ግን ሱቅ ብቻ አልነበረም፤ በዙሪያው መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የሕክምና ተቋምና መናፈሻ እንዲኖር ነበር። ባለሀብቶቹ ሱቁን ወስደው የቀረውን ተዉት። እርሱም በስተ እርጅናው ወደ ቪየና ተመልሶ በስሙ የተሠራውን ሥራ አወገዘ። ይህ ነገር ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ወደ ላንድማርክ እንመለስ። ማዕከሉ ብቻውን የነገሠበት ጊዜ አጭር ነበር። በ1968 ታይሰንስ ኮርነር፣ በ1973 ደግሞ በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ የስፕሪንግፊልድ ሞል ተከፈተ። ላንድማርክ ለዚህ መልስ ይሆነው ዘንድ በ1990 ገደማ ጣሪያ ለብሶ፣ ፎቅ ጨምሮ እንደ አዲስ ተከፈተ። ነገር ግን በ1989 ከሜትሮ ባቡር ጣቢያ ጋር የተያያዘው የፔንታገን ሲቲ ማዕከል ቀድሞት ነበር። በ1991 የቫን ዶርን ጣቢያ ሲከፈት፣ ባቡሩ ለላንድማርክ ቀረበ እንጂ አልደረሰለትም፤ በእግር ለሚሄድ ሰው መንገዱ ረጅም ነው፤ አውራ ጎዳናዎቹም ለእግረኛ የሚመቹ አይደሉም። ደንበኛ ያመጣለት የነበረው መንገድ በዙሪያው እንደ አጥር ሆነበት። በዙሪያው በሺህ የሚቆጠር ተከራይ ቢኖርም፣ ማዕከሉ ጀርባውን ለሰፈሩ፣ ፊቱን ለመኪና ማቆሚያው ሰጥቶ ተቀመጠ።

አውራ መደብሮቹም ተራ በተራ ወደቁ። ውድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ በ1995 ከነአካቴው ከሰመ። ሄክትስ በ2006 ሜሲስ ተባለ። ሎርድ ኤንድ ቴይለር በ2009 ለቀቀ። እዚህ ላይ ነው የኢንተርኔቱ ክስ የሚላላው። በ1999 መገባደጃ በኢንተርኔት የሚካሄደው ሽያጭ ከአገሪቱ የችርቻሮ ንግድ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በ2009ም ቢሆን ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነበር። ላንድማርክ ታምሞ የነበረው ግን ከዚያ በፊት ነው። ኢንተርኔቱ የመጨረሻውን ጉድፍ ጣለ ቢባል ይስማማናል፤ በሽታው ግን የእርሱ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው፣ በሙያችንም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ የይዞታው አከፋፈል ነው። ሞል ከውጭ ሲታይ አንድ ሕንፃ ይመስላል፤ በመዝገብ ግን አንድ አይደለም። ሲርስ የራሱ መሬት ነበረው፤ ሜሲስም የራሱ ነበረው፤ የመካከሉ ሱቅና የሎርድ ኤንድ ቴይለር ሕንፃ ደግሞ የሌላ ነበር። የእነዚህን ባለይዞታዎች ግንኙነት የሚገዛው ለአሥርት ዓመታት የሚጸና የጋራ ውል ነው፤ አንዱ ያለ ሌሎቹ ፈቃድ መንገድ ሊያዞር፣ የመኪና ማቆሚያ ሊቀንስ፣ ሕንፃ ሊያፈርስ አይችልም። በደጉ ዘመን ውሉ መደብሮቹን የሚጠብቅ ጋሻ ነበር። በክፉው ዘመን ግን አንዱ ሲሞት ሌላው እንዳይቀብረው የሚከለክል ማሰሪያ ሆነ።

የዚህን ውጤት ከተማው በዓይኑ አይቷል። በ2009 ምክር ቤቱ ለላንድማርክና ለቫን ዶርን አካባቢ ሰፊ የልማት ፕላን አጸደቀ። በዚያው ዓመት የመካከሉ ክፍል ባለቤት የነበረው ጄኔራል ግሮውዝ ፕሮፐርቲስ ወደ ኪሳራ ዳኝነት ገባ፤ በ2010 ንብረቱ ከእርሱ ለተለየው ለሃዋርድ ሂውዝ ኩባንያ ተላለፈ። በ2013 ኩባንያው የራሱን ድርሻ ብቻ አፍርሶ ለመሥራት ፈቃድ አገኘ። ሥራው ግን አልተጀመረም፤ ሁለት አውራ መደብሮች ግራና ቀኝ እንዳሉ ቆመው መካከሉን ብቻ ከተማ ማድረግ እንዴት ይሆናል? ኩባንያው የሜሲስን ይዞታ የገዛው በ2017 መጀመሪያ ሲሆን፣ የማዕከሉ የውስጥ ክፍል የተዘጋውም በዚያው ወቅት ነው። ሲርስ ብቻውን በባዶ ግቢ እስከ 2020 ቆየ። ከፕላኑ መጽደቅ እስከ መጨረሻው መደብር መዘጋት ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ባዶው ሕንፃ ሁለት እንግዶችን አስተናገደ። በ2018 ቤት የሌላቸውን የሚረዳው የካርፔንተርስ መጠለያ፣ የራሱ ሕንፃ እስኪታደስ ድረስ በቀድሞው ሜሲስ ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ሰዎችን አስጠለለ። የልብስ መሸጫ የነበረው አዳራሽ ለእንዲህ ያለው አገልግሎት ተስማማ። በዚያው በ2018 ደግሞ የፊልም ሠሪዎች መጥተው፣ «ወንደር ውመን 1984» ለተባለው ፊልም የመካከሉን ክፍል ወደ 1980ዎቹ መልሰው አስጌጡት፤ ባዶዎቹ ሱቆች በውሸት ዕቃና በውሸት ገዢ ተሞሉ። ሥፍራው ገበያ የመሰለው በዚያ ጊዜ ለመጨረሻ ነበር።

መፍትሔው የመጣው መንግሥታዊ ገንዘብ ሲገባ ነው። በታኅሣሥ 2020 ከተማው፣ ኢኖቫ የተባለው የሕክምና ድርጅት፣ ሃዋርድ ሂውዝ፣ የሲርስን መሬት የያዘው ሴሪቴጅና ገንቢው ፎልገር ፕራት በአንድነት ያዘጋጁት ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ በ2021 በምክር ቤቱ ጸደቀ። ከተማው በቦንድ 140 ሚሊዮን ዶላር ለማቅረብ ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 54 ሚሊዮኑ የሆስፒታሉን መሬት ገዝቶ ለኢኖቫ ለማከራየት፣ እስከ 86 ሚሊዮን የሚደርሰው ደግሞ ለመንገድ፣ ለቧንቧና ለመሬት ማስተካከያ ነው። ማፍረሱ በግንቦት 2022 ተጀመረ። ከ50 ኤከር በላይ በሆነው መሬት ላይ ሆስፒታል፣ የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ ሱቆች፣ መናፈሻ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያና የእሳት አደጋ ጣቢያ እንዲሠሩ ታስቧል። ግሩን በ1956 ያልተፈቀደለት ዝርዝር ይህን ይመስል እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል።

በእኛ አስተያየት ዕቅዱ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነው፤ የተሻለ ያደረገውም የሥዕሉ ማማር ሳይሆን ይዞታው ወደ አንድ እጅ መሰብሰቡና ለመንገዱና ለቧንቧው ከፋይ መገኘቱ ነው። ሆስፒታልም እንደ መደብር በፋሽን አይሄድም፤ ሌሊትና ቀን ሠራተኛና ጎብኚ ያመጣል። ጥያቄው ይህ ሁሉ ለማን ይሆናል የሚለው ነው። በአቅራቢያው ባሉት እንደ ሳውዘርን ታወርስ ባሉ የኪራይ ሕንፃዎች የሚኖሩ ተከራዮች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን፣ ግንባታው ከመጠናቀቁ በፊት እንኳ በኪራይ ጭማሪ ላይ በይፋ አቤቱታ አሰምተዋል። ሞሉ ባዶ መሆኑ ኪራዩን ዝቅ አድርጎ እንደነበር፣ አዲሱ ሰፈር ደግሞ ከፍ እንደሚያደርገው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በአቅም የሚከራይ ቤት በዕቅዱ ውስጥ አለ፤ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ሕንፃ ጋር የሚሠራውም ለዚሁ የታሰበ ነው። ነገር ግን ከጠቅላላው 2,500 ያህል ቤት ጋር ሲመዛዘን ድርሻው ትንሽ ነው። የምድር ቤቱን ሱቅም ብንመለከት፣ አዲስ ሕንፃ በአዲስ ዋጋ የሚያከራየው ለታወቀ የንግድ ስም እንጂ እንጀራና ቡና ለሚሸጥ ባለ አንድ ክፍል ነጋዴ አይደለም፤ ከተማው በሰጠው ገንዘብ ምትክ ለትንንሽ ነጋዴዎች የተወሰነ ቦታ በውል ቢያስገባ ኖሮ የተሻለ ነበር እንላለን።

ሆስፒታሉ በ2028 እንዲከፈት ታቅዷል። ያኔ በሴሚናሪ መንገድ ያለው የቀድሞው ሆስፒታል ይለቀቃል፤ መሬቱም ለመኖሪያ ቤቶች እንዲውል ተወስኗል። በዚያ መሬት ላይ የሚሠሩት ቤቶች ዋጋ፣ የላንድማርክ አካባቢ ተከራይ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይሆናል።