ከሜዳቸው ርቀው፦ የ1868ቱ የአቦርጂናል ክሪኬት ቡድን ጉዞ



የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች «እስቲ በሽታውን ተይና ስለ ስፖርት ታሪክ ጻፊልን» አሉኝ። እሺ ብዬ ጀመርኩ፤ እንደምታዩት ግን በሽታው እኔን አልተወኝም። የመረጥኩት ታሪክ ከሜዳው ውጭ ሊጫወት ስለሄደ የገጠር ቡድን ነው። የእንግዳው ሜዳ ታዲያ ከሦስት ወር በላይ በመርከብ የሚያስኬድ ነበር።

ክሪኬት ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ በአጭሩ ልግለጸው። እንደ ገና ጨዋታችን ዱላና ኳስ አለው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። ሁለት ቡድኖች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ይሰለፋሉ። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ከኋላ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ለመምታት ኳሱን ይወረውራል። የሌላው ቡድን መቺ በጠፍጣፋ ዱላ እየመከተ ኳሱን ያርቅና በሮጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። አንድ ግጥሚያ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

የቡድኑ ሰዎች በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ምድር፣ በቪክቶሪያ ምዕራባዊ ገጠር፣ በሃሮውና በኤደንሆፕ አካባቢ የሚኖሩ የጃርድዋጃሊ፣ የጉንዲጅማራና የዎትጆባሉክ ተወላጆች ነበሩ። የአባቶቻቸው መሬት በእንግሊዝ ሰፋሪዎች ተወስዶ የበግ እርባታ ሆኗል። እነሱም እዚያው በግ እየሸለቱ፣ ፈረስ እየገሩ ያድሩ ነበር። ጨዋታውን የለመዱት ከአሠሪዎቻቸው ጋር በመጫወት ነው። የወላጆቻቸው ስም ለነጮቹ አፍ ስላልተመቸ ሌላ ስም ወጣላቸው። ኡናሪሚን «ጆኒ ሙላ» ተባለ፤ ብሪፑምያሪሚን ደግሞ «ኪንግ ኮል»። በስም ትርጉም ለምናምን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1866 የገና ማግስት ይህ ቡድን በሜልቦርን ትልቁ ሜዳ ተጫወተ። አሠልጣኛቸው ቶም ዊልስ ነበር። የዊልስ አባት ከአምስት ዓመት በፊት በኩዊንስላንድ ከሌሎች 18 ሰፋሪዎች ጋር በአቦርጂናሎች ተገድሏል። በበቀል የተገደሉት አቦርጂናሎች ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበዛሉ። ያ ሰው ነው እንግዲህ እነዚህን ወጣቶች ያሠለጠነው።

ቀጥሎ ወደ ሲድኒ የተደረገው ጉዞ ከሸፈ። እንግሊዝ አገር እወስዳችኋለሁ ያላቸው ነጋዴ የሰጠው ቼክ ደረቅ ሆነ። ከተጫዋቾቹም አንዳንዶቹ በዚያ ጉዞና ከዚያ በኋላ ታመው ሞቱ። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ ሙከራ ሊደረግ ነው ሲባል፣ የአቦርጂናሎችን ጉዳይ የሚከታተለው የቪክቶሪያ ቦርድ ተቃወመ። «የእንግሊዝን አየር አይችሉትም» የሚል የሕክምና ስጋት ተነሣ። አዘጋጆቹ ግን ገንዘባቸውን አፍስሰዋል። በ1867 ቡድኑ በሠረገላ ከኤደንሆፕ ወደ ባሕር ዳርቻ ወጣ፤ ዓሣ ሊያጠምድ የሄደ መስሎ ከዚያ በመርከብ ወደ ሲድኒ ሾለከ። ፌብሯሪ 8 ቀን 1868 ከሲድኒ ተነሥቶ ሜይ 13 ቀን እንግሊዝ ገባ።

አሥራ ሦስቱ አቦርጂናሎችና እንግሊዝ ተወልዶ ያደገው አምበላቸው ቻርለስ ሎውረንስ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 47 ግጥሚያ ተጫወቱ። 14 አሸነፉ፣ 14 ተሸነፉ፣ በ19ኙ አቻ ወጡ። በታወቀው የሎርድስ ሜዳ ሙላ ብቻውን 75 ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑም በመጀመሪያው ዙር መርቶ በመጨረሻ በ55 ነጥብ ተሸነፈ። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ቡመራንግና ጦር እየወረወሩ ለሕዝብ ትርኢት ያሳዩ ነበር። ዲክ-አ-ዲክ የሚባለው ተጫዋች ተመልካቾች ኳስ ሲወረውሩበት ቆሞ በጋሻና በዱላ ይመክት ነበር። ይህ ሰው በ1864 በጫካ ጠፍተው የሰነበቱ ሦስት የሰፋሪ ሕፃናትን ዱካ ተከትለው በሕይወት ካገኟቸው አንዱ ነው።

ኪንግ ኮል ከሎርድስ ጨዋታ በኋላ ሁለት ሳምንት አልቆየም። ጁን 24 ቀን ለንደን በሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል አረፈ። በሽታው የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ምች ነበር። ሌሎች ሁለት ተጫዋቾችም በኦገስት በሕመም ምክንያት ወደ አገራቸው ተላኩ። እንደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ሳስበው ያኔ የነበሩት ሐኪሞች ምን ሊያደርጉለት ይችሉ ነበር? ኮክ የነቀርሳን ባክቴሪያ ያገኘው በ1882፣ ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ዕረፍትና ምግብ ብቻ ነበር በእጃቸው ያለው።

የተቀበረበት ቦታ ዛሬ ሚዝ ጋርደንስ የሚባል መናፈሻ ነው። በ1988 እዚያ ለመታሰቢያው ባሕር ዛፍ ተተከለለት። አዎን፣ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን የሸፈነው የእኛው ባሕር ዛፍ። ይህን ታሪክ እንድከታተል ያደረገኝም የዛፉ ነገር ነው።

ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ስናየው ደግሞ ያማል። ቡድኑ ገና ባሕር ላይ ሳለ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ወደቁ። በዚያው ክረምት ልጃቸው ዓለማየሁ እንግሊዝ ገባ፤ በኋላም ቶም ዊልስ በተማረበት በራግቢ ትምህርት ቤት ገባ። በ1879 በሊድስ ሲሞት ዕድሜው 18 ነበር፤ የገደለውም የሳንባ ሕመም ነው። ሁለቱን ታሪኮች አንድ አላደርጋቸውም። ኪንግ ኮል የመጣው ሊጫወት ነው፤ ዓለማየሁ ግን አገሩና አባቱ ከተወሰዱበት በኋላ የመጣ ልጅ ነው። ሆኖም «ለእነሱ የሚሻለውን እኛ እናውቃለን» የሚለው ቃል በሁለቱም ላይ ተብሏል።

ወደ ቦርዱ ልመለስ። ኪንግ ኮል ሲሞት ስጋቱ እውነት ሆነ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ነቀርሳ ከብርድ አይመጣም፤ ከሰው ትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። ወደ ቪክቶሪያም ያመጡት ሰፋሪዎቹ ናቸው። በ1869 ቅኝ ግዛቱ «የአቦርጂናል ጥበቃ ሕግ» አወጣ። ቦርዱ አቦርጂናሎች የት እንደሚኖሩ፣ የት እንደሚሠሩ፣ ልጆቻቸውንም ማን እንደሚያሳድግ የመወሰን ሥልጣን አገኘ። ታዲያ እንደ ኮራንደርክ ባሉ ሰፈራዎች ውስጥ ብዙ ሰው ይገድል የነበረው ምን መሰላችሁ? ያው የሳንባ በሽታ ነው። ለሳንባቸው ታስቦ ከጉዞ ቢከለከሉም፣ ሳንባቸው እዚያው በተጠበቁበት ሰፈር ታመመ።

አዘጋጆቹ ለትርፍ ወሰዷቸው፤ ጠባቂዎቹ ለጤናቸው አስረው አስቀመጧቸው። ሁለቱም ወገን ስለ እነሱ እንጂ ከእነሱ ጋር አልተነጋገረም። እኛ ሐኪሞች ይህን ክርክር ከሩቅ ብቻ አናውቀውም። «ይህ ሰው ወደ ቤቱ ይሂድ ወይስ አይሂድ፣ ሥራውን ይቀጥል ወይስ ይተው» ብለን አልጋው ሥር ቆመን የምንወያይ እኛው ነን። በሽተኛው እየሰማን በላዩ ላይ ስናወራ ስንቴ ነው? ጥሩ ምክር በትክክለኛ ምክንያት ቢሰጥም፣ ባለቤቱ ካልተጠየቀበት ወደ ትእዛዝ ይለወጣል። ሕግ ሲሆን ደግሞ ከሐኪሙ እጅ ይወጣል።

ጆኒ ሙላ በጉዞው 1,698 ነጥብ አስቆጥሮ ወደ ሃሮው ተመለሰ። ሰፈራ አልገባም፤ በአካባቢው እየሠራ ለሃሮው መጫወቱን ቀጠለ። በ1879 ለቪክቶሪያ ከእንግሊዞች ጋር አንድ ጊዜ ተሰልፏል። ያረፈው በ1891 ነው። ከ2020 ጀምሮ ሜልቦርን ላይ በገና ማግስት በሚጀመረው ዓለም አቀፍ ግጥሚያ የላቀው ተጫዋች የሚሸለመው ሜዳሊያ በስሙ ተሰይሟል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ በሕክምና ሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስጡልኝ። የ1868ቱ ሐኪም ብትሆኑ ምን ትመክሩ ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው። ቀጥላችሁም ምክሩን ለቦርዱ ከመጻፋችሁ በፊት ለማን ትነግሩ ነበር በሏቸው። የእናንተን መልስ ደግሞ በዘንድሮው መገናኛችን ቡና ላይ እሰማለሁ።