የመንግሥት የአእምሮና የማኅበረሰብ ጤና ተቋማት አስተዳደርና ዓመታዊ አፈጻጸም፦ ተገልጋዩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመሞችና የሚጥል በሽታ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን የሚወስድ የሕክምና ክትትል ይፈልጋሉ። መድኃኒቱ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ሲጠፋ ወይም የሠለጠነው ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ታካሚው ሕክምናውን ያቋርጣል፤ ቤተሰቡም ሥራውን ትቶ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ለመጓዝ ይገደዳል። የአንድ ጤና ተቋም ዕቅድ፣ በጀትና ዓመታዊ ሪፖርት በቀጥታ የታካሚውን ኑሮ የሚነካውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማብራሪያ አገልግሎቱ በየትኛው መዋቅር እንደሚሰጥ፣ ተቋማቱን ማን እንደሚያስተዳድር፣ ዓመታዊ አፈጻጸማቸው እንዴት እንደሚለካና ተገልጋዩ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው ይገልጻል።

1. አገልግሎቱ የሚሰጥበት መዋቅር

በኢትዮጵያ የመንግሥት የጤና አገልግሎት በሦስት እርከኖች የተደራጀ ነው። የመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ያቀፈ ነው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበው ይቋቋማሉ። ሁለተኛው እርከን አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ጊዜ በሦስተኛው እርከን ላይ ብቻ ተወስኖ ቆይቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ የጀመረውና በአዲስ አበባ መርካቶ አቅራቢያ የሚገኘው የአሁኑ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እስከተጀመረበት እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ስፔሻሊስት ሐኪሞች የሚሠለጥኑት በውጭ አገር ነበር።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው አገልግሎቱን ከአጠቃላይ ሕክምና ጋር በማቀናጀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት ላለባቸው አገሮች ያዘጋጀውን የአእምሮ ጤና ክፍተት ማጥበቢያ መርሐ ግብር ኢትዮጵያ ተግባራዊ አድርጋለች፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ አሠራር መሠረት በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞችን፣ ከባድ የአእምሮ ሕመሞችንና የሚጥል በሽታን ይመረምራሉ፣ ያክማሉ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ በቀበሌ ደረጃ ሕሙማንን ወደ ጤና ጣቢያ ይመራሉ፤ ሕክምና ያቋረጡትንም ቤት ድረስ ሄደው ይፈልጋሉ።

2. አስተዳደርና ተጠሪነት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። የጤና ተቋማት አስተዳደር የሚመራው በእነዚህ መርሆዎች ነው።

የፌዴራል ሆስፒታሎች ተጠሪነታቸው ለጤና ሚኒስቴር ነው። ሌሎች ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች እንደየደረጃቸው ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች ወይም ለዞንና ለወረዳ የጤና መዋቅሮች ተጠሪ ናቸው። እያንዳንዱ ተቋም የሥራ አመራር ቦርድ አለው። የቦርዱ አባላት ቁጥርና አሰያየም በየክልሉ ደንብ የሚወሰን ሲሆን፣ በአብዛኛው ከአስተዳደር፣ ከጤናና ከፋይናንስ መሥሪያ ቤቶች፣ ከተቋሙ ሠራተኞችና ከአካባቢው ኅብረተሰብ የተወከሉ ሰዎች ይገኙበታል። ዋና ዋና ተግባራቱም የሚከተሉት ናቸው፦

• የተቋሙን ዓመታዊ ዕቅድና በጀት መርምሮ ማጽደቅ፤
• ከሕክምና ክፍያና ከመድኃኒት ሽያጭ የሚሰበሰበው የውስጥ ገቢ ለአገልግሎት ማሻሻያ መዋሉን መከታተል፤
• የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት በየጊዜው አዳምጦ የማስተካከያ አቅጣጫ መስጠት፤
• የተገልጋዮችን ቅሬታ አያያዝ መቆጣጠር።

የውስጥ ገቢ ጉዳይ ለአእምሮ ሕክምና የተለየ ትርጉም አለው። ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ይዘው እንዲጠቀሙ የተፈቀደው በዋነኛነት መድኃኒትና የሕክምና መገልገያ እንዲያሟሉበት ነው። ቦርዱ ግዢውን ሲያጸድቅ የአእምሮና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን ካልጠየቀ፣ ብዛት ያለው ታካሚ የሚፈልጋቸው መድኃኒቶች ቅድሚያ ያገኛሉ። የኅብረተሰቡ ተወካይ በቦርዱ ውስጥ ካሉት ተግባራት አንዱ ይህን ጥያቄ ማንሣት ነው።

3. ዓመታዊ ዕቅድና ሪፖርት እንዴት ይዘጋጃል?

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይጠናቀቃል። ዕቅዱ ወረዳን መሠረት አድርጎ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ከበጀት ዓመቱ መግቢያ አስቀድሞ በየደረጃው ተመሳክሮ ይጸድቃል። በዓመቱ ውስጥ ተቋማቱ የአገልግሎት መረጃቸውን በየወሩ በኤሌክትሮኒክስ የጤና መረጃ ሥርዓት ያስገባሉ፤ በየሩብ ዓመቱም አፈጻጸማቸው ይገመገማል። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ አጠቃላይ ክንውኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ በፌዴራል ዋና ኦዲተር፣ የክልል ተቋማት ደግሞ በየክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ይመረመራል።

4. ሪፖርቱን ሲመለከቱ ትኩረት የሚሹ ነጥቦች

ዓመታዊ ሪፖርት በአብዛኛው የዕቅድና የክንውን ንጽጽር ነው። በአእምሮ ጤና ዘርፍ ግን የታከመው ሰው ሕክምናውን መቀጠል አለመቀጠሉን ካላሳየ ሪፖርቱ የተሟላ አይሆንም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች መመልከት ይጠቅማል።

የሰው ቁጥርና የጉብኝት ቁጥር። አንድ ጤና ጣቢያ በዓመት 600 የአእምሮ ሕክምና ጉብኝቶች አስተናግዷል እንበል። ይህ ቁጥር 50 ሰዎች በየወሩ ሳያቋርጡ ተከታትለዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ 600 ሰዎች አንድ አንድ ጊዜ መጥተው አልተመለሱም ማለትም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ውጤቱ ይለያያል። ስለዚህ አዲስና ነባር ታካሚዎች ተለይተው መቅረባቸውን፣ ያቋረጡት ስንት እንደሆኑና ስንቱ ተፈልገው እንደተመለሱ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመድኃኒት አቅርቦት። አንድ መድኃኒት በዓመቱ ውስጥ ለ30 ቀናት ብቻ ጠፍቶ ቢሆን አቅርቦቱ 92 በመቶ ገደማ ነው፤ በወረቀት ላይ መልካም ውጤት ይመስላል። ሆኖም ፌኖባርቢታል የሚወስድ የሚጥል በሽታ ታካሚ መድኃኒቱን በድንገት ሲያቋርጥ ሕመሙ ተደጋግሞ ሊነሣበትና ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በመሆኑም ከአማካይ በመቶኛው ይልቅ መድኃኒቱ የጠፋባቸው ቀናት ብዛትና በዚያ ጊዜ ለታካሚዎቹ የተሰጠው አማራጭ የተቋሙን አፈጻጸም የበለጠ ያሳያል።

የሠለጠነ ባለሙያ። በዓመቱ ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ብቻውን በቂ አይደለም። ከሠለጠኑት ውስጥ ስንቱ በዚያው ተቋም እየሠሩ እንደሚገኙና የሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ በየጊዜው እየመጣ እንደሚደግፋቸው ማየት ያስፈልጋል።

የቅብብሎሽ ሕክምና። ወደ ሆስፒታል የተላከው ሕመምተኛ ከተሻለው በኋላ የሕክምና መረጃውን ይዞ ወደ አቅራቢያው ጤና ጣቢያ መመለስ አለበት። የተላኩት ቁጥር ተገልጾ የተመለሱት ካልተገለጸ የቅብብሎሹ ግማሽ መንገድ አልታየም።

የተደራሽነት ስፋት። ተቋሙ ያከመው ሰው ብዛት በአካባቢው ሕክምና ከሚያስፈልገው ሰው ብዛት አንጻር መታየት አለበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቡታጅራ አካባቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያካተተ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ውስጥ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና እንዳላገኙ አሳይቷል። ወደ ተቋም የመጣውን ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት እነዚህን ሰዎች አያያቸውም።

አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ ደረጃ በጥራት ሊሰጥ እንደሚችል ማስረጃ አለ። በዚያው በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ተካሂዶ በ2014 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የታከሙ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከታከሙት ያነሰ ውጤት እንዳላገኙ አረጋግጧል። ይህ ውጤት የተገኘው ግን መድኃኒት፣ ሥልጠናና የባለሙያ ድጋፍ ሳይቋረጥ በቀረበበት ሁኔታ ነው።

5. የሕክምና ወጪ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባል የሆነ ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎና መታወቂያውን አሳድሶ፣ በሕክምና ጊዜ ከኪሱ ሳይከፍል ውል በተገባባቸው ተቋማት ይታከማል። መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ነዋሪዎች በቀበሌያቸው ተመልምለው በመንግሥት ድጎማ አባል እንዲሆኑ የሚደረግበት አሠራርም አለ። የረጅም ጊዜ ክትትል የሚያስፈልገው ታካሚ ያለበት ቤተሰብ የእድሳት ጊዜው እንዳያልፍበት ሊጠነቀቅ ይገባል። ከወረዳ ውጭ በሚገኝ ሆስፒታል በመድኑ ለመታከም ከታች ያለው ተቋም የሚጽፈው የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል።

6. የተገልጋዩ ተሳትፎ፣ የመረጃ ጥያቄና ቅሬታ

በማኅበረሰብ የውጤት መስጫ ካርድ። የኅብረተሰቡ ተወካዮች በየጊዜው ጤና ጣቢያቸውን በባለሙያዎች አክብሮትና ርኅራኄ፣ በወረፋ ቆይታ፣ በመድኃኒትና በምርመራ አቅርቦት፣ በንጽሕናና በአምቡላንስ አገልግሎት መዝነው ውጤት ይሰጣሉ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። በዚህ መድረክ የአእምሮ ሕሙማንና የቤተሰቦቻቸው ድምፅ ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ መገለል ስለሚፈራ ጉዳዩ በይፋ አይነሣም። ስሙን መግለጽ የማይፈልግ ተገልጋይ አስተያየቱን በቀበሌው ተወካይ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ማቅረብ ይችላል።

የመረጃ ጥያቄ። በመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው የመንግሥት አካልን ዕቅድ፣ በጀትና የሥራ ሪፖርት የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በጽሑፍ ወይም በቃል ይቀርባል፤ ምላሽ የሚሰጠውም በ30 ቀናት ውስጥ ነው። የታካሚዎች የግል የሕክምና መረጃ ግን በምስጢር የሚጠበቅ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይሰጥም።

ቅሬታ። ቅሬታ በመጀመሪያ ለተቋሙ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ይቀርባል። አጥጋቢ ምላሽ ካልተገኘ እንደ ቅደም ተከተሉ ለተቋሙ ኃላፊ፣ ለሥራ አመራር ቦርዱና ተቋሙ ተጠሪ ለሆነለት የጤና መሥሪያ ቤት ይቀርባል። አስተዳደራዊ በደል ደርሶብኛል ወይም መረጃ ተከልክያለሁ የሚል ተገልጋይ አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል። ቅሬታ ማቅረብ ሕክምና የማግኘት መብትን አይነካም።

7. ለታካሚዎችና ለቤተሰቦች

• መድኃኒቱ ከማለቁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድመው ጤና ጣቢያው ዘንድ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ በአቅራቢያ የት እንደሚገኝ እንዲነገርዎ ይጠይቁ።
• የቀጠሮ ካርድዎን፣ የሪፈር ወረቀትዎንና የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን የያዘ ጽሑፍ በአንድ ላይ ያስቀምጡ።
• ጸበል ወይም ሌላ መንፈሳዊ አገልግሎት የሚከታተል ታካሚ የሐኪም መድኃኒቱን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።
• ሕመምተኛውን በሰንሰለት ማሰር ወይም ዘግቶ ማስቀመጥ ሕክምና አይደለም፤ በአቅራቢያዎ ለሚገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያሳውቁ።
• ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት የሚያስብ፣ ወይም የሚጥል ሕመሙ ሳያቋርጥ የተደጋገመበት ሰው ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያ ወደሚገኘው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ብቻውንም አይተዉት።