ሪሞቱ እኔ ነበርኩ

 

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ለእማዬ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ከአሮጌው ቴሌቪዥናችን ጋር አገናኘሁላት። መዝሙርም ፊልምም ሞልቼበታለሁ። ግን ሪሞት የለውም። እግሯ ተሰብሮ አልጋ ላይ ስለሆነች፣ እኔ ከሥራ እስክመለስ ከፍቼላት የሄድኩትን ብቻ ስታይ ትውላለች» አለኝ።

እኛ ቤት ይሄ ችግር በቀላሉ ነበር የተፈታው። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ሰፈር የደረሰው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ቻናሉ አንድ ስለሆነ ሥራው ድምፅ መቀነስና አንቴና ማዞር ነበር። «ተነስ አንተ፣ ቀንሰው!» ሲባል የሚነሳው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። ሪሞቱ እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ በአንድ ቀን አልደረሱበትም። የአሜሪካው ዜኒት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ሪሞት በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር የታሰረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ዩጂን ፖሊ የተባለ የኩባንያው ሰው ገመዱን አስቀረው። የእሱ ሪሞት እንደ እጅ ባትሪ የሚበራ ሲሆን፣ በስክሪኑ አራት ማዕዘን ላይ ብርሃን የሚያውቁ አራት «አይኖች» ነበሩ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በመስኮት የገባ ፀሐይ ሲያርፍበትም ቴሌቪዥኑ ይታዘዝ ነበር! የጌታውን ብርሃን ከፀሐይ መለየት አልቻለም።

በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1956 ሮበርት አድለር ብርሃንን ትቶ ወደ ድምፅ ዞረ። ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፤ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ባትሪ እንኳ አይፈልግም። ይህ የድምፅ ሪሞት ከ20 ዓመት በላይ ገዛ።

ከዚያ ብርሃን ተመለሰ፤ አሁን ግን በአይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ሆኖ። ያሸነፈው ከፀሐይ በርትቶ እንዳይመስላችሁ፤ የራሱን ምልክት ይዞ ስለመጣ ነው። ብዙዎቹ ሪሞቶች በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላሉ። ፀሐይ እንዲህ አትልም። ተቀባዩ አይን በዚያ ፍጥነት የማይርገበገበውን ብርሃን ሁሉ ንቆ ያልፈዋል። ትዕዛዙ ደግሞ የሚነበበው ብልጭታው ስንት እንደቆየና ስንት እንዳረፈ ተለክቶ ነው።

እና ተማሪዬን «ቤታችሁ የሞተ የዲሽ ሪሲቨር አለ?» አልኩት። አለ። ከፊቱ ጥቁር ፕላስቲክ ጀርባ ያቺ ባለ ሦስት እግር አይን ተቀምጣለች፤ ሪሲቨሩ ቢሞትም እሷ ብዙ ጊዜ ደህና ናት። አንዱ እግር ኤሌክትሪክ፣ አንዱ ግራውንድ፣ አንዱ መልእክት ነው። የእግሮቹ ቅደም ተከተል እንደ ሠሪው ይለያያልና ሳይነቀል በፊት ከቦርዱ ላይ አጣሩ። ለራስፕቤሪ ፓይ ደግሞ 3.3 ቮልቱን እንጂ 5ቱን አትስጡት፤ በ5 ቮልት የመጣ መልእክት መግቢያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ሪሞቱ መሥራቱን ለማየት ወደ ስልክ ካሜራ አነጣጥራችሁ ተጫኑት፤ በብዙ ስልክ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ታያላችሁ።

ትናንት ማታ መልሶ ደወለ። እናቱ ሪሞቱን ይዘው ድምፁን ራሳቸው ቀንሰው «ማነው የደወለው?» ሲሉ በስልኩ ሰማሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። የሰው እጅ ሳይጠብቁ የሚፈልጉትን መክፈት አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

የሞተ ሪሲቨር ቤታችሁ ካለ አትጣሉት እሺ? አይኗ ገና ታያለች።